ከጎሊና ወዲያ ለተኛኸው

ይመሬ፣

የአላህ ሰላም ካለህበት ድረስ ይምጣልህ። ከቤት ከወጣህ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ያኔ ግመሎቹን አስቀድመህ፣ ሽርጥህን ጠበቅ አድርገህ፣ ዝናብ ሲጥል እንደምትመለስ ነግረኸን የወጣህበት በር አሁንም ያው ነው። ማጠፊያው ስለላላ ወንድምህ ሀሰን በሽቦ አስሮታል። ስንከፍተው ሲጢጥ ይላል፤ ለምደነዋል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። መዲና ወደ አምስተኛ ክፍል አለፈች። የወለቁት ጥርሶቿ ሞልተዋል፤ ስትስቅ ያንተው ሳቅ ነው ይሉኛል። እኔም አያለሁ። ከጉድጓዱ አጠገብ የተከልካት ፓፓያ ደረቀች፤ ነቅለን ጣልናት። መብራት ወደኛ ሰፈር ገብቷል፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። አባትህ ደህና ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ደክሟል። አሁን ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ከተማችን ሮቢትም ያው ናት። አውቶቡሶቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፣ ሰው በመንገዱ ዳር ማሽላውን ያሰጣል።

አንተ አታውቀውምና መርዶህ እንዴት እንደደረሰን ልንገርህ። የገበያ ቀን ነበር። ሀሰን ከቆቦ ተመልሶ ግቢው መሃል ቆመ፤ አልተቀመጠም። እኔ ማሽላ እያበጠርኩ ነበር።

«የመዲና እናት፣ ሰፌዱን አስቀምጪው» አለኝ።

አላስቀመጥኩትም። የጀመርኩትን አበጥሬ ጨረስኩ፤ እሱም ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ነገረኝ። አንድ አፋር በግመል ተራው ፈልጎ አግኝቶታል፤ ወዳጅህ ሁመድ የላከው ነው። ይመር ንዳድ ያዘው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ፣ በረሃው ሙቀት ነውና ሳይውል ሳያድር እዚያው ቀበርነው ብሎታል። ሀሰን ይህን ተናግሮ ጉልበቱን ይዞ አለቀሰ። እኔ የተበጠረውን ማሽላ ወደ ጎታው ገለበጥኩት።

የሚደረገው ሁሉ ተደረገልህ ይመሬ። ቁርዓን ተቀራ፣ ሰደቃ ወጣ፣ በሌለህበት ሰገዱልህ። ከጎብዬ ሳይቀር ሰው መጣ። ቀብር ብቻ አልነበረም። እኔም የመበለት ኢዳዬን አራት ወር ከአስር ቀን ተቀመጥኩ። ሴቶቹ ጠዋት እየመጡ ያለቅሱልኝ ነበር፤ እኔ እንባ አልመጣልኝም። አንዷ ለሌላዋ «ደንዝዛ ነው፣ ይወጣላታል» ስትል ሰምቻለሁ። አልወጣልኝም። ጨው የበዛበትን ወጥ ጨው ከሌለው አልለይም ነበር፤ ቀምሳ የምትነግረኝ መዲና ነበረች። ሶላቴን አልተውኩም፤ አምስቱንም ሰግጃለሁ። ግን የሚሰግደው ሰውነቴ ነው። ይጎነበሳል፣ ይነሳል፣ ከንፈሬ የሚያውቀውን ይላል፤ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። የት እንደሆንኩም አላውቅም። በመንገዱ ግመል ሲያልፍ ብቻ ቀና እል ነበር።

ኢዳዬን ስጨርስ፣ መሄድ እፈልጋለሁ አልኳቸው። ማታ አልጋዬ ላይ ያሰብኩት ነገር አልነበረም፤ ለአባትህ ውሃ እያቀበልኩ ሳለ ከአፌ ወጣ።

ሀሰን አልወደደውም። እሱ አብሮኝ እንዳይሄድ ያ ዓመት ክፉ ነበር። አንተ ካረፍክ በኋላ በግጦሽ ምክንያት የኛ ልጆችና የቆላዎቹ አፋሮች ተጋጭተው ነበር። የኛ ወንድ ወደዚያ አይወርድም፣ የእነሱም ወንድ ገበያ አይወጣም። ሴት ግን አትነካም፤ ይህን አንተም ታውቀዋለህ።

«ሴት ብቻዋን ያን በረሃ ትወርዳለች? ደግሞስ ሴት ቀብር ላይ ምን ትሠራለች? ዱዓው እንደሆነ ከዚህም ይደርሰዋል» አለኝ።

እውነቱን ነው። አባትህ ናቸው የመለሱልኝ።

«ትሂድ» አሉ። «እኔ ልጄ የተኛበትን ሳላይ መሞቴ ነው። ዓይን ያላት እሷ ናት።»

ሀሰን ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። በማግስቱ ትንሽ ጀሪካን አጥቦ፣ እጄን እንዳይቆርጠኝ እጀታውን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ በሩ ላይ አስቀመጠልኝ።

በኅዳር ወጣሁ። መዲናን ለአባትህ ተውኳት፤ ወይም እሳቸውን ለእሷ ተውኳቸው። የጎሊናን ወንዝ አሸዋ ይዤ ቁልቁል ነጎድኩ። የመጀመሪያውን ቀን ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አብረውኝ ነበሩ። ያን ጎርፍ የጠበቅንበትን ቦታ አሳየኋቸው ልልህ ነበር፤ አላሳየኋቸውም። ለራሴ ብቻ አየሁት። በተጋባን ዓመት፣ ከአክስትህ ቤት ስንመለስ ጎሊና ሞልቶ ወዲህ አስቀረን። አንተ ጥንቅሽ ሰብረህ መጣህ። ጠዋት ተቀምጠን ከሰዓት በኋላ ድረስ እሱን እየመጠጥን ውሃው እስኪጎድል ጠበቅን። ያን ቀን ስለምን እንደተጫወትን ላስታውስ ሞከርኩ። አንድም ቃል አልመጣልኝም። የመጣልኝ አገዳውን በጥርስህ ስትልጥ የሚሰማው ድምፅ ነው።

መጨረሻው መንደር ላይ አንዲት መበለት አሳደሩኝ፤ በጠዋት ሲሸኙኝ እጃቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው፣ «ከዚህ ወዲያ ቤት የለም። ወንዙን አትልቀቂ» አሉኝ። ከዚያ ብቻዬን ሆንኩ።

ወንዙን አልለቀቅኩትም ነበር፤ ወንዙ ነው የለቀቀኝ። ተራሮቹ ሲያልቁ ሜዳው ሰፋ፣ አሸዋው እዚህም እዚያም ተበታተነ፤ የቱ ወንዝ የቱ ሜዳ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ድንጋይ አደናቀፈኝና ጀሪካኑ ወደቀ። ክዳኑ ተፈናጥሮ ውሃው ፈሰሰ። አፈሩ ወዲያው ጠጣው፤ እርጥቡ እንኳ ብዙ አልቆየም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ተነሳ። የቆላውን አቧራ አንተ ታውቀዋለህ። ሰማዩና ምድሩ አንድ ቀለም ሆኑ፣ ፀሐይዋም ጠፋች። የመጣሁበትን አላውቅ፣ የምሄድበትን አላውቅ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጠቅልዬ አንዲት ግራር ሥር ተቀመጥኩ።

ይህን ስነግርህ አትዘንብኝ። መሞትን አልፈራሁም። ውሃ የለኝም፣ ሰው የለም፣ መንገዱ ጠፍቶኛል፤ እንደዚያም ሆኖ ልቤ እንደ ሌላው ቀን ነበር የሚመታው። መዲናን አሰብኳት። የሩቅ ዘመድ ልጅ እንደማስብ ነበር ያሰብኳት፤ ማን ያሳድጋት ይሆን ብዬ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ያስደነገጠኝ ሞቱ አይደለም፤ አለመፍራቴ ነው። ልጄን እንደዚያ ማሰቤ ነው። ተነሣሁ። ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ፣ እንዲያው አለመቀመጥ ይሻላል ብዬ ተነሣሁ።

ብዙም ሳልሄድ እግሬ የተደረደሩ ድንጋዮች ነካ። ሰው የደረደራቸው መሆናቸው ያስታውቃል። ዝቅ ብዬ በእጄ እየዳሰስኩ ዞርኩት፤ እንደ ቤት መሠረት አራት ማዕዘን ነው፤ በአንዱ በኩል ብቻ መሃሉ ላይ ወደ ውጭ ቀስት ሆኖ ወጣ ብሏል። መስጊድ ነበር ይመሬ። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፤ ከብት ጠባቂዎች ለመስገጃ መሬት ላይ በድንጋይ ያበጁት። ያ ወጣ ያለው ቂብላውን፣ የመካን አቅጣጫ፣ የሚያሳየው ነው።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃ ስለሌለኝ በአፈሩ ተየሙም አደረግሁ። ቆምኩ። ፋቲሃን ስቀራ፣ መንገድ እንዲመራን የምንለምንበት ቦታ ስደርስ ድምፄ ቆመ። ስንት ጊዜ ብያታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ መንገድ ጠፍቶኝ አልነበረም ያልኳት። እንደገና አልኳት፤ አሁን ቀስ ብዬ። ልቤ በራ አልልህም። ብርሃን አላየሁም፣ እንባም አልመጣም። ግን ከንፈሬና እኔ አንድ ቦታ ነበርን። ከሞትክ በኋላ የሰገድኩት የመጀመሪያው ሶላት እሱ ነው፤ የቀሩትን አላህ ይቀበለኝ።

ሰግጄ ስጨርስ እዚያው ተቀምጬ ዙሪያዬን አሰብኩ። በኛ አገር ቂብላ ሰሜን ነው። ፊቴ ወደ ቂብላ ከሆነ ቀኝ እጄ ምሥራቅ ነው፤ የሁመድ አገር በዚያ ነው። ግራ እጄ ሮቢት ነው። ይህን ያህል ማወቅ ደግሞ ለዚያ ቀን በቂ ነበር። ድንጋዮቹን የደረደረው ማን እንደሆነ አላውቅም። ለሱ ዱዓ አደረግሁና ወደ ቀኜ ሄድኩ።

ነፋሱ ሲበርድ እንጨት የተሸከመች አንዲት የአፋር ሴት አገኘሁ። የሁመድን ስም ጠራሁላት፣ ያንተን ስም ጠራሁላት። ያንተን ስትሰማ እንጨቷን አወረደችና ከቅሏ ወተት ሰጠችኝ። ከዚያ እነሱ ወሬያቸውን እንደሚለዋወጡት አድርጋ በረጅሙ ነገረችኝ፤ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ራሴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኳት። እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ሁመድ ከግመሎቹ ዘንድ ተጠርቶ መጣ። የሰው ወሬ ከኔ ቀድሞ ደርሶታል መሰለኝ፣ ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

«እህቴ፣ ብቻሽን መጣሽ?»

«ብቻዬን።»

መሬት መሬቱን አየ። «እኛ ልናመጣልሽ ይገባ ነበር» አለ። «ወሬውን እንጂ እሱን ማምጣት አልቻልንም።»

ያስታመሙህ እናቱ ናቸው። ያን ያወቅኩት እዚያ ስደርስ ነው። አጭር፣ ጥቁር ልብስ የለበሱ፣ መዳፋቸው እንደ ቅርፊት የሻከረ ሴት ናቸው። እጄን ይዘው ነግረውኝ እስኪጨርሱ አልለቀቁኝም፤ እሳቸው በአፋርኛ ይናገራሉ፣ ሁመድ ይነግረኛል። ትኩሳቱ ሲበረታብህ ሽርጥህን በውሃ እየነከሩ ደረትህ ላይ ያደርጉ ነበር። አንድ ጠዋት ቀለል አለህ። ያን ጊዜ ሮቢት በየት በኩል ነው ብለህ ጠየቅካቸው፤ አሳዩህ። ቂብላውስ አልካቸው፤ ያንንም አሳዩህ። ሌላ አልተናገርክም። ፊትህን አንድ ጊዜ ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ ወደዚያ እያደረግክ ቆየህ፤ በመጨረሻ ወደ ቂብላው እንደዞርክ አረፍክ።

«እናቱ በሕይወት የለችም ብሎን ነበር» አሉ የሁመድ እናት። «ስለዚህ እኔ አለቀስኩለት።»

እኔ ያላለቀስኩትን እሳቸው አልቅሰውልሃል። ይህን ሳስብ አልተቀየምኩም። እንዲያውም አንድ ከባድ ነገር ከትከሻዬ ሰው ያወረደልኝ መሰለኝ። ያን ዕለት ያቀረቡልኝ የግመል ወተት የጢስ ጣዕም ነበረው። ጣዕሙን ለየሁት። ስለየው ደንግጬ ዕቃውን ከአፌ አራቅሁት፤ ከዚያ ጠጣሁት።

ቀብርህ ከሰፈራቸው ትንሽ ወጣ ብሎ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ነው። ድንጋይ ከምረውበታል። ዙሪያውን እሾህ አጥረውታል። ሴት ቀብር ላይ ምን ትሠራለች ላለው ለሀሰን መልሱን አሁን አውቀዋለሁ፤ ምንም አትሠራም። ተቀመጥኩ። ድንጋዩን በእጄ ነካሁት፤ ያቃጥል ነበር። ፋቲሃ ቀራሁልህ። የመዲና ጥርስ መብቀሉን ነገርኩህ። ሌላ የምለው አጥቼ ዝም አልኩ፣ አንተም ዝም አልክ። ቤት ውስጥም እንደዚያ ነበርን፤ ብዙ አናወራም ነበር። ለመነሳት አልቸኮልኩም።

ግመሎችህ ሁለቱም ደህና ነበሩ። ሁመድ ከራሱ ግመሎች ጋር ሲጠብቃቸው ከርሟል፤ ትልቋ ወልዳ ነበር። ሁሉንም ልንዳልሽ አለኝ። እኔ እናትና ግልገሏን ወስጄ ሁለተኛዋን እነሱ ዘንድ ተውኳት። ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ተመልሼ የምመጣበት ይኑረኝ አልኩት። ሽርጥህን እናቱ አጥበው አጣጥፈው አስቀምጠውት ነበር፤ ለእሳቸው አስቀረሁላቸው። ሁመድ ተራሮቹ እስኪጀምሩ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲያ እሱ አይመጣም፤ ክፉ ዓመት እንደነበረ ነግሬሃለሁ። ቆሞ ሲያየኝ ሁለቴ ዞሬ አየሁት።

ቤት ስደርስ አባትህ በር ላይ ነበሩ። የግመሊቱን ኮቴ ሰምተው ተነሡ። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያስታመሙህን ሴት፣ ቦታውን፣ ፊትህን ወዴት እንዳዞርክ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«እሾህ አጥረውለታል? ጅብ አለ እዚያ።»

«አጥረውለታል አባባ። ጥሩ አድርገው ነው ያጠሩት።»

«እንግዲያ አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ወደ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ተኝተው ዋሉ። ከመርዶህ በኋላ በቀን እንቅልፍ ሲወስዳቸው ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

እኔም አልቅሻለሁ፤ ሰው ሳያስበው። አንድ ጠዋት ግመሊቱን ውሃ ሳጠጣ ነው። አንገቷን ዘርግታ በረጅሙ ትጠጣለች፣ እኔ እያፏጨሁላት ነበር። ማፏጨቴን አላወቅኩም ነበር፤ ስሰማው ያንተ ፉጨት ነው። ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም። እዚያው ገንዳው ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ረጅም አልነበረም። ግመሊቱ ጠጥታ ስትጨርስ እኔም ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ሁሌ ደህና ነኝ አልልህም። አብዛኛውን ቀን አሁንም ከውጭ ሆኜ እንደማየው ነው። ግን ወጥ ስሠራ ጨውን ራሴ እቀምሳለሁ።

ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነው። ሀሰን አርሶልን ማሽላውን እኔና መዲና ዘራነው፤ አሁን ጉልበት ደርሷል። የኛዎቹና የቆላዎቹ ሽማግሌዎችም ተቀምጠው ታርቀዋል። መኸሩ ከገባ በኋላ መዲናን ይዤ እወርዳለሁ። እሾሁ በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ እኔ ስደክም እሷ ታድሰዋለች፤ መንገዱን አሳያታለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል ይመሬ። ለማንም ያልነገርኩት ነው። ከቤት ከወጣህ ጀምሮ ዱዓ ሳደርግ ስምህን የምጠራው ከመዲና፣ ከአባትህ፣ ከሀሰን ጋር ነበር። ጤና ስጠው፣ በሰላም መልሰው እል ነበር። መርዶህ ከመጣም በኋላ፣ ኢዳ ተቀምጬም፣ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ፣ እኔ በውስጤ በሰላም መልሰው እያልኩ ነበር። ከጎሊና ወዲያ ደርሼ ከመጣሁ በኋላ ስምህን ከሞቱት፣ ከእናትህና ከእናቴ ስም ቀጥሎ አደረግሁት። የመጀመሪያው ቀን ምላሴ እምቢ አለኝ፤ ተነሥቼ ወጥቼ፣ ተመልሼ ገብቼ ነው ያልኩት። አሁን ለመደ። ረሳችኝ እንዳትል። የት እንዳለህ አወቅኩ ማለት ነው። በሕይወት እስካለሁ፣ በየሶላቱ፣ ስምህ ከዚያ ቦታ አይጎድልም።

የመዲና እናት፣
ዘሀራ